ሐሞቱ ሳይፈስ መግፈፍ፦ የባክቴሪያን የላይ ፕሮቲን በናኖ ቅንጣት

ሥራው በአጭሩ ይህ ነው። ትሪፕሲን (ፕሮቲን የሚቆርጥ ኤንዛይም) የተጣበቀበትን የብረት ኦክሳይድ ናኖ ቅንጣት ከሕያው ስታፊሎኮከስ አውሬውስ ባክቴሪያ ጋር ማገናኘት፣ ከሴሉ ውጭ ብቅ ያለውን ፕሮቲን ማስላጨት፣ ቅንጣቱን በማግኔት ስቦ ማውጣት፣ የቀረውን ፔፕታይድ (የፕሮቲን ቁራጭ) ማስ ስፔክትሮሜትር፣ ማለትም ቁራጮቹን በክብደታቸው የሚለይ ማሽን፣ ወዳለበት መላክ። ነጻ ትሪፕሲን ትንሽ ስለሆነ ወደ ሴሉ ግድግዳ ሊሰርግ ይችላል፤ 100 ናኖ ሜትር የሆነ ቅንጣት ግን አይገባም። እኔ ባለሁበት ጎንደር ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፦ መብራት ሲጠፋ ሴንትሪፉጅ ይቆማል፣ ማግኔት ግን መሳቡን አይተውም።

ማጣበቁ ቀላል ነው። ካርቦክሲል ያለው ቅንጣት 10 ሚሊ ግራም፣ በኤምኢኤስ ቡፈር (የአሲድ መጠኑን የሚጠብቅ ፈሳሽ) ፒኤች 5.5፣ ከኢዲሲና ከሰልፎ-ኤንኤችኤስ (ትሪፕሲኑን ከቅንጣቱ የሚያያይዙ ኬሚካሎች) ጋር 20 ደቂቃ፤ ታጥቦ 1 ሚሊ ግራም ትሪፕሲን በፒቢኤስ ቡፈር፣ በ4 ዲግሪ ለ2 ሰዓት ያህል፤ የተረፉትን መያዣ ቦታዎች የሚዘጋው ኢታኖልአሚን ነው። እዚህ ላይ ትሪስ ቡፈር ድርሽ አይበል፤ አሚን ስላለው የትሪፕሲኑን ቦታ ይይዝበታል። የኢዲሲውን ብልቃጥ የክፍሉን ሙቀት ሳይዝ አትክፈቱት፣ እርጥበት ይገድለዋል። የእኔ የመጀመሪያው ብልቃጥ «በቅዝቃዜ ይቀመጥ» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ተለጥፎበት፣ ዕቃ በሚፈተሽበት ቢሮ ሦስት ሳምንት ያለ በረዶ ተቀምጦ ነው የደረሰኝ። ዛሬም ያናድደኛል። የተዘጋጀውን ቅንጣት ከፍሪጁ የጀርባ ግድግዳ አርቁት፤ አንዴ በረዶ ከሆነ ይጓጉላል፣ ቢነቀንቁትም አይመለስም። የመጨረሻውን የእጥበት ፈሳሽ በባፕና (ትሪፕሲን ሲቆርጠው ቢጫ የሚያወጣ ኬሚካል) ፈትኑት፤ ቢጫ ካወጣ ያልተጣበቀ ትሪፕሲን አለበትና እንደገና እጠቡ።

የተበላሸብኝ ግን ሴሎቹን ሳይፈነዱ እዚህ ማድረሱ ነው። የመጀመሪያው ውጤት ሲመጣ ከዝርዝሩ አናት ላይ የተደረደሩት የራይቦዞም ፕሮቲኖች ነበሩ። የምፈልጋቸው የላይ ፕሮቲኖች፣ ፕሮቲን ኤ እና ክላምፒንግ ፋክተር ኤ፣ እታች ተቀብረዋል። ራይቦዞም (ፕሮቲን የሚሠራው የሴል ክፍል) የሴሉ ሆድ ዕቃ ነው፤ የላጨሁት ላዩን ሳይሆን ፈንድቶ የፈሰሰውን ነበር።

ጥፋቱ የራሴ ነው። አንደኛ፣ ያደረ ካልቸር (በፈሳሽ ውስጥ የተራባ ባክቴሪያ) ተጠቀምኩ፤ ያደረ ውስጥ የሞተ ሞልቷል፣ ስታፍ ደግሞ የራሱን ግድግዳ የሚበላ ኤንዛይም አለው። ሁለተኛ፣ በሴንትሪፉጅ በ10,000 ጂ (የምድር ስበት እጥፍ) አጣብቄ ዝቃጩን በቮርቴክስ (ቱቦ አንቀጥቃጭ ማሽን) አናወጥኩት። ሦስተኛ፣ ከቅንጣቱ ጋር የመጣው መመሪያ «በ37 ዲግሪ 1 ሰዓት» ስላለ አመንኩት። ያ ሰዓት የተጣራ ፕሮቲን ለመፍጨት የተጻፈ ነው፤ ለሕያው ሴል 15 ደቂቃ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ አልሄድም።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። የካልቸሩ ኦዲ (የባክቴሪያውን ብዛት የሚያሳይ የድፍርስነት ንባብ) 0.5 ሲደርስ 100 ሚሊ ሊትር እወስዳለሁ፤ በ3,000 ጂ፣ በ4 ዲግሪ፣ 10 ደቂቃ። ዝቃጩን ጫፉ በተቆረጠ የፒፔት ቲፕ ቀስ ብዬ እፈታለሁ። እጥበት 2 ጊዜ ብቻ፤ ሦስተኛው ከሚያጠራው የሚሰብረው ይበልጣል። ከዚያ በ1 ሚሊ ሊትር 40% ሱክሮስ፣ 20 ሚሊ ሞላር ትሪስ ፒኤች 7.4 እና 10 ሚሊ ሞላር ማግኒዚየም ክሎራይድ ውስጥ እበትናቸዋለሁ (ማጣበቁ ስላለቀ እዚህ ላይ ትሪስ ጉዳት የለውም)። ስኳሩ ሴሉን ሲላጭ ከመፈንዳት ይይዘዋል። ከዚያ ቅንጣቱን ጨምሬ ከ15 ደቂቃ በኋላ በማግኔት አወጣዋለሁ። ፈሳሹ ስለሚወፍር ማግኔቱን 5 ደቂቃ ታገሱት። ሴንትሪፉጁ መሃል ላይ መብራት ከጠፋበት ናሙናውን እጥለዋለሁ፤ ጀነሬተር አልጠብቅም።

ቅንጣት ያልገባበት ቱቦ ጎን ለጎን ይኑር፤ ያው ስኳር፣ ያው 15 ደቂቃ። ሴሎቹን ለይታችሁ ፈሳሹን በ260 ናኖ ሜትር አንብቡት። ከባዶው ቡፈር በግልጽ ከፍ ካለ ኑክሊክ አሲድ እየፈሰሰ ነው፣ ያን ቀን ሥራው ቀርቷል። ይህ ቱቦ ሳይኖር ኢኤፍ-ቲዩ ወይም ኢኖሌዝ የተባሉትን፣ በሴሉ ውስጥ የሞሉ ፕሮቲኖች፣ ስላያችሁ «የላይ ፕሮቲን አገኘሁ» ብላችሁ አትጻፉ። ሁለቱም ሴል ላይ መገኘታቸው ተዘግቧል፣ ሴል ሲፈነዳም ቀድመው የሚመጡት እነሱ ናቸው።

አውቶክሌቭም (በግፊት እንፋሎት ጀርም የሚገድለው ማሽን) ልብ ይባል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች የግፊት ጌጁ 15 ፒኤስአይ ሲል ውስጡ 117 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለ121 ወደ 18.5 ያስፈልጋል። ሚዲያው (ባክቴሪያው የሚያድግበት ምግብ) በደንብ ካልጸዳ የባሲለስ (ሙቀት የሚቋቋም ሌላ ባክቴሪያ) ፔፕታይድ ዝርዝራችሁ ውስጥ ይገባል።

ቀሪው የተለመደ ነው፦ በ0.22 ማይክሮ ሜትር ማጣራት፣ የፕሮቲኑን የሰልፈር ማያያዣ የሚፈታው ዲቲቲ 10 ሚሊ ሞላር በ56 ዲግሪ 30 ደቂቃ፣ ተመልሶ እንዳይያያዝ የሚዘጋው አዮዶአሴታማይድ ጨለማ ውስጥ፣ ተጨማሪ ትሪፕሲን እስከ ማግስቱ፣ በአሲድ ፒኤቹን ከ3 በታች አውርዶ ፔፕታይዱን በሚይዝ ሲ-18 ቲፕ ስኳሩን ማስወገድ፣ ማድረቅ። የጎንደር ጠዋት ቢበርድም ከጋውን ሥር የሱፍ ሹራብ አትልበሱ፤ የበግ ኬራቲን (የሱፍ ፕሮቲን) ማሽኑ ላይ በግልጽ ይታያል።

የደረቀ ፔፕታይድ ሲላክ በረዶ አያስፈልገውም። እኔን ግን አንድ ቢሮ ለሕያው ጀርም የሚጠየቀውን ወረቀት ሁሉ አምጣ ብሎ ወር አመላልሶኛል። ከናሙናው ጋር የሚሄደው ደብዳቤ ላይ «ሕይወት የሌለው፣ በ0.22 ማይክሮ ሜትር የተጣራ፣ የደረቀ ፔፕታይድ» ብላችሁ የእያንዳንዱን ቱቦ ቁጥር ጻፉ፤ ግማሹን ደግሞ ከመላካችሁ በፊት −20 ላይ አስቀሩ።