1050 ላይ የቆመችው መስመር

ክሮሚየም የጨመርንበት ፔሮቭስካይት (ብርሃን እንዲያወጣ የሠራነው ክሪስታል) የመጀመሪያ ስፔክትረም፣ ማለትም በየሞገድ ርዝመቱ የሚያወጣውን ብርሃን የሚያሳየው ግራፍ፣ ሲወጣ ሁላችንም ኮምፒውተሩን ከበብነው። 1050 ናኖሜትር ላይ ቀጥ ያለች ሹል መስመር ቆማለች። ናሙናውን ያዘጋጀው ወጣት ባልደረባችን ውጤቱን ለአለቃችን ሊልክ ተጣድፏል።

የመስመሯን ቅጥነት ግን ልቤ አልተቀበለውም። ናሙናው ሲዚየም፣ ብር፣ ኢንዲየምና ክሎሪን ያሉበት ድርብ ፔሮቭስካይት ነው። ክሮሚየሙ የሚገባው በኢንዲየም ቦታ ሲሆን ስድስት ክሎራይዶች (የክሎሪን አየኖች) ይከቡታል፤ የሚፈጥሩበት የኤሌክትሪክ መስክም ደካማ ነው። በእንዲህ ያለ መስክ ኤሌክትሮኑ ከፍ ወዳለ ደረጃ ሲወጣ በክሮሚየሙና በክሎራይዶቹ መካከል ያለው ርቀት አብሮ ይለወጣል። ስለዚህ የሚወጣው ብርሃን በ1000 ናኖሜትር ዙሪያ የተንጣለለ ሰፊ ጉብታ መሆን አለበት እንጂ እንደ መርፌ የቀጠነ አይሆንም።

«ወንድሜ፣ ከመላክህ በፊት ናሙናው እንዲያበራ የምናሳርፍበትን ማነቃቂያ ብርሃን ከ350 ወደ 360 ናኖሜትር ቀይረው» አልኩት። «ክሮሚየሙ ከሆነ ከቦታው አይነቃነቅም።»

መሣሪያው እንደገና ቃኘ። መስመሯ ከ1050 ተነሥታ 1080 ላይ ቆመች። ባልደረባዬ ሁለቱንም ቁጥሮች ለ3 አካፈለና ቀና ብሎ አየኝ። ተጨማሪ ማብራሪያ አላስፈለገውም።

ግሬቲንጉ፣ ማለትም ብርሃንን በሞገድ ርዝመቱ የሚለያየው የመሣሪያው ክፍል፣ ለ1050 በተስተካከለበት ማዕዘን የ350 ናኖሜትር ብርሃን ሦስት እጥፉ 1050 ስለሆነ በሦስተኛ ደረጃ አብሮ ያልፋል። ከዱቄቱ ላይ የተበተነው የማነቃቂያ ብርሃን ነበር እንግዲህ እዚያ የቆመው። ዲቴክተራችን ከ300 እስከ 1700 ናኖሜትር ስለሚያይ አንዱን ከሌላው አይለይም። የእይታ ብርሃን በሚያወጡ ቁሶች ላይ ቢያንስ ዓይን ይመሰክራል፤ በቅርብ ኢንፍራሬድ ግን ናሙናው ቢያበራም ባያበራም ለዓይን ያው ጨለማ ነው። እዚህ ሥራ ላይ ጥርጣሬ እንደ ችሎታ ሊቆጠር ይገባል የምለው ለዚህ ነው።

ከ800 ናኖሜትር በታች ያለውን የሚከለክል ማጣሪያ በናሙናውና በግሬቲንጉ መካከል አስገባን። መስመሯ ጠፋች። ብርሃኑ ወደ መሣሪያው የሚገባበትን ስንጥቅ አስፍተን፣ በየነጥቡ የንባቡን ጊዜ አርዝመን ስንለካ ደብዛዛ ግን ሰፊ የሆነች ጉብታ ብቅ አለች። ማነቃቂያው ከተቋረጠ በኋላ የምትቆይበትን ጊዜም ለካን፤ በማይክሮ ሰከንዶች የሚቆጠር ነበር። የተበተነ ብርሃን ቢሆን ኖሮ ከመብራቱ ምት ጋር አብሮ ይጠፋ ነበር። ለአለቃችን የተላከችው ይህች ደብዛዛ ጉብታ ናት።

ባልደረባዬ አሁን ክሮሚየም ያልገባበትን ማነጻጸሪያ ናሙና አስቀድሞ ይለካል፤ ማጣሪያው ከቦታው መግባቱንም በማስታወሻው ላይ ከእያንዳንዱ ስፔክትረም ጎን ይጽፋል።