የእማዬን ቲቪ ላሰራው ወይስ ልቀይረው

ሰሞኑን እቤት ዋናው ወሬ የእማዬ ቲቪ ነው። ድምፁ አለ ስዕሉ የለም። መጀመሪያ አካባቢ ሲከፈት ትንሽ ብልጭ ብሎ ይጠፋ ነበር፣ አጥፍተን ስናበራው ደግሞ ይሰራል፣ እየቆየ ግን ጭራሽ ጥቁር ሆኖ ቀረ። እማዬ ምን ታደርጋለች መሰላችሁ፣ ጥቁሩ ስክሪን ፊት ቁጭ ብላ ድምፁን ትሰማለች። ጉልበቷን ካመማት ወዲህ እንደ ድሮው ቤተክርስቲያን መመላለስ ስለማትችል እሁድ ጠዋት ቅዳሴውን የምትከታተለው በሱ ነው፣ ማታ ደግሞ የሁለት ሰዓት ዜና አያመልጣትም። "ግዴለም ድምፁ ይበቃኛል" ትላለች። እኔ ግን እንደዛ ተቀምጣ ሳያት አንጀቴን በላችው።

ዱባይ ያለው ወንድሜ በኢሞ ሲደውል ነገርኩት፣ ወዲያው "ተይው በቃ አዲስ ስማርት ግዢላት፣ ብሩን እልካለሁ" አለኝ። እማዬ ከጎኔ ሆና ሰማችና "ልጄ ለፍቶ ከሰው አገር ተሸክሞ ያመጣልኝ ነው፣ አይጣልም" ብላ ተቆጣች። እውነቷን ነው፣ ቲቪውን ያመጣው እራሱ ነው፣ ለመጀመሪያ እረፍቱ ሲመጣ በካርቶን እንደታሸገ ከቦሌ ይዞት የገባ 40 ኢንች ኤልኢዲ። ያመጣው ሰው ይቀየር ይላል፣ የተቀበለችው አይሆንም ትላለች፣ ውሳኔው እኔ ላይ ወደቀ ማለት ነው።

እኔ ደግሞ ከመወሰኔ በፊት ምኑ እንደተበላሸ ማወቅ ነበረብኝ። ምክንያቱም "ቲቪው ተበላሸ" ማለት ብቻውን ምንም አይነግርም። ፓነሉ ማለትም ስዕሉ የሚታይበት መስታወት ከሆነ የሄደው ነገሩ አለቀ፣ ፓነል ለመግዛት የሚጠየቀው ብር ከአዲስ ቲቪ ብዙም አይርቅም። ፓወር ቦርዱ ማለትም ኤሌክትሪኩን ለቲቪው የሚያከፋፍለው ክፍል ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ያበጠ ካፓሲተር ምናምን ተቀይሮ ይድናል። ከኋላ ያለው መብራት ከሆነም እንደዛው ይሰራል። ይሄን ሳያውቁ መጣልም ሳያውቁ ማሰራትም ብር ማባከን ነው።

ማታ ሳሎኑን አጨልሜ ሪሲቨሩን ዜናው ላይ አደረግኩና የስልኬን ባትሪ ስክሪኑ ላይ አስጠግቼ ሰያፍ አድርጌ አበራሁበት። መጀመሪያ አቧራውና የጣት አሻራው ብቻ ነው የታየኝ፣ ትንሽ ጠጋ ብዬ መብራቱን ሳንሸራትት የዜና አንባቢው ከረባት ታየኝ፣ ከዛ ትከሻው፣ ከዛ ከስር የሚሮጠው ፅሁፍ፣ ደብዝዞ ግን ሁሉም እቦታው አለ። እማዬን ጠርቼ አሳየኋት፣ "ውይ እዛው ነው እንዴ ያለው!" አለች። ስዕሉ አለ፣ የጠፋው ከጀርባው የሚያበራለት መብራት ነው፣ ባክላይት የሚሉት። ፓነሉ ደህና ነው ማለት ነው፣ እኔ በልቤ የወሰንኩት እዛው ላይ ነው።

ሰፈራችን ያለ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት፣ ሰውዬው ጀርባውን እንኳን ሳይፈታ "ቦርዱ ተቃጥሏል፣ ለኔ ሽጪልኝ" አለኝ። በጣም ነው የከፋኝ። አንዲት እናት ብቻዋን ብትመጣ እኮ አምናው ሸጣለት ትሄድ ነበር። ተሸክሜው ወጣሁና ሰው የጠቆመኝ መርካቶ ያለ ቴክኒሻን ጋ ሄድኩ። እሱ እፊቴ ነው የፈታው፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈትቶ ማግኔት ላይ አስቀመጠ፣ ፓነሉን ግን ብቻውን አላነሳውም፣ ረዳቱን ጠርቶ በአራት እጅ ነው ያነሱት፣ ስስ መስታወት ስለሆነ ትንሽ ከተጣመመ ይሰነጠቃል፣ ጠርዙ ላይ ያሉት ቀጫጭን ሪባኖች ከተነካኩ ደግሞ ስዕሉ ላይ መስመር ይወጣል፣ ብዙ ቲቪ የሚሞተው እዚህ ጋ ሲፈታ ነው አለኝ። ከስር ነጫጭ ፕላስቲኮቹን ሲያነሳ የኤልኢዲ ስትሪፖቹ ማለትም ትንንሾቹ አምፖሎች የተደረደሩባቸው ቀጫጭን ዘንጎች ታዩ፣ አንዷ አምፖል መሀሏ ላይ ጥቁር ነጥብ አላት፣ ተቃጥላለች። አምፖሎቹ በተርታ የተያያዙ ስለሆኑ አንዷ ስትቋረጥ መስመሩ በሙሉ ይጠፋል፣ ቦርዱም ችግር መኖሩን ሲያውቅ የቀረውን እራሱ ይዘጋዋል፣ ያ መጀመሪያ ላይ ብልጭ ብሎ ይጠፋ የነበረው ለዚህ ነው።

ከዛ እንዲህ አለኝ፣ "እህቴ፣ የሞተችውን አንዷን ብቻ ልቀይርልሽ እችላለሁ ርካሽ ነው፣ ግን ሌሎቹም እኩል የለፉ ናቸው፣ ዛሬ ይቺ ነገ ያቺ እያለች ታመላልስሻለች።" ሙሉ ስትሪፑን አስቀየርኩ። ዋጋው የአዲስ ቲቪን አንድ ስድስተኛ አይሞላም። ጥግ ላይ ስክሪናቸው የተሰነጠቀ ቲቪዎች ተደርድረው ነበር፣ እነሱን ምን ታደርጋቸዋለህ ስለው ለቦርዳቸው እንደሚገዛቸውና ፓነል የተሰበረበት ሰው ሲመጣ አታሰራው ለመለዋወጫ ሽጠህ ለአዲሱ ጨምርበት እንደሚለው ነገረኝ። ሰራተኛ ሆኖ አታሰራ የሚል ሰው ሲገኝ ደስ ይላል።

ወንድሜን ለማሳመን ግን ትንሽ ለፋሁ። እሱ በልቡ ያለው የድሮው ዋጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከዛ በኋላ መቶን አለፈ፣ ቲቪ ደግሞ ተሰርቶ ቢመጣም እዚህ ቢገጣጠምም ያው እቃው በዶላር ነው የሚገባው። ደግሞስ ስማርቱ ለእማዬ ምን ይሰራላታል? የምታየው በዲሽና በሪሲቨር ነው። ቻናሎቹ ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲዞሩ እንኳን ሰፈሩ በሙሉ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዲሽ ሲያዞር አንዳንዱም ሪሲቨር ሲቀይር ቲቪውን የነካው የለም። ሪሞቱን በጨለማም ታውቀዋለች፣ የቱ ጋ ድምፅ እንደሚጨምር የቱ ጋ ቻናል እንደሚቀይር ጣቷ ለምዶታል። አዲስ ገዝቼ በየመሀሉ ኔትወርክ ምረጪ አፕዴት አድርጊ እያለ እንዲያስጨንቃት አልፈልግም። ይሄን ሁሉ ስነግረው "እሺ ብሩን ግን እልካለሁ፣ ለጉልበቷ ይሁን" አለ፣ እሱስ ልክ ነው፣ ፊዚዮቴራፒው ከቲቪው በፊት መሆን ነበረበት።

አዲስ ባለመግዛቴ ከተረፈው ብር ላይ የመብራቱን ኃይል የሚያስተካክል ስታብላይዘርም ገዛሁ። እኛ ሰፈር መብራት ሄዶ ሲመጣ አንዳንዴ በጣም ከፍ ብሎ ነው የሚመጣው፣ እማዬንም መብራት ሲሄድ ከዲቫይደሩ እንድትነቅለው፣ ሲመጣም ትንሽ ቆይታ እንድትሰካው ነግሬያታለሁ። ቴክኒሻኑ ደግሞ ሴቲንግ ገብተሽ ባክላይቱን ከ100 ወደ 60 አውርጂው፣ አምፖሎቹን የሚገድላቸው ሙቀት ነው ብሎኝ ነበር፣ አወረድኩት። እማዬ ማታ ወዳዋለች፣ ቀን ላይ ግን ከመስኮቱ ፊት ለፊት ስለሆነ "ደብዘዝ አለብኝ" አለች። መልሼ 100 ከማደርገው ብዬ ከጎረቤት ልጅ ጋር ወደ ሌላኛው ግድግዳ አዞርነው፣ አሁን የዲሹ ገመድ አጥሮ ሪሲቨሩ ጋ አልደርስ ብሏል፣ ነገ ከስራ ስወጣ ገመድና ማያያዣ ገዝቼ እመጣለሁ፣ ለእሁዱ ቅዳሴ ይደርሳል።