ረቡዕ በ11 ሰዓት ማረም አይቻልም

መስከረም 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ረቡዕ ዕለት ነበር። የዊኪሚድያ ፋውንዴሽን የውክፔዲያንና የእኅት ድረ ገጾቿን ሥራ ከአንድ የዳታ ማዕከል ወደ ሌላው የሚያዛውርበት ቀን ስለ ነበር፣ ለአማርኛ አርታኢዎች የሚሆነውን ማስታወቂያ ተርጉሜ ያሰራጨሁት እኔ ነበርሁ። በእንግሊዝኛው ላይ የሰፈረው «ሴፕቴምበር 20፣ 14፡00 ዩቲሲ» የሚል ነው። ሴፕቴምበርን መስከረም ብሎ ቁጥሩን እንዳለ መተው የተለመደ ስህተት መሆኑን ስለማውቅ፣ መስከረም 20 ሳይሆን መስከረም 9 ብዬ ቀኑን በጥንቃቄ መለስሁ። ሰዓቱ ላይ ግን ተሳሳትሁ። ከ14 ላይ 6 ቀንሼ «ከቀኑ 8 ሰዓት» ብዬ ጻፍሁ። ዩቲሲ የሚባለው የዓለም አቀፍ መለኪያ ሰዓት ከኢትዮጵያ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ እንደሚቀር፣ ስለዚህም ትክክለኛው ጊዜ ከቀኑ 11 ሰዓት መሆኑን ያስተዋልሁት በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ስልኬ ሲጮህ ነው።

የደወሉልኝ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው፣ ከመምህርነት በጡረታ የተገለሉና ስለ ጣና ገዳማት የሚጽፉ አዛውንት ናቸው። ማስታወቂያዬን አምነው ከ7 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሥራቸውን አቁመው ጠብቀዋል። 9 ሰዓት ሲሆን ነገሩ ያለፈ መስሏቸው ተመለሱ፤ 10 ሰዓት ላይ የማረሚያውን መስኮት ከፍተው አንድ ሰዓት ያህል ሲጽፉ ቆይተው ለማስቀመጥ ቢጫኑ ገጹ አልቀበልም አላቸው። ከመዛወሩ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ በየገጹ አናት ላይ የሚወጣው ማስጠንቀቂያ እርሳቸው ዘንድ አልደረሰም፤ ገጹን የከፈቱት ከዚያ በፊት ነበርና። «ልጄ፣ ምን አጥፍቼ ነው ያገዱኝ?» ነበር የመጀመሪያ ቃላቸው።

«ኧረ አልታገዱም ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሰዓቱን አሳስቼ ነው የጻፍሁት» አልኋቸው። መስኮቱን እንዳይዘጉት ልነግራቸው ስል ግን ቀድመው ዘግተውታል። ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ያንኑ ቁልፍ እንደገና ቢጫኑ ኖሮ የጻፉት ሁሉ ይተርፍ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ «ምን አጥፍቼ ነው» የሚለው ቃል ከአእምሮዬ አልጠፋም። ደመወዝ የሚከፈለው ሠራተኛ ኮምፒዩተሩ ሲቆምበት ወደ ቡና ይሄዳል፤ የባከነው ሰዓት የመሥሪያ ቤቱ ነው። በጎ ፈቃደኛ አርታኢ ግን የሚሠራው ከእንቅልፉ፣ ከልጆቹና ከእሑድ ዕረፍቱ በቆረሰው ሰዓት ነው፤ ማንም ስላላስገደደው፣ ያለ ማብራሪያ የተዘጋበትን በር «አንፈልግህም» እንደ ማለት ይቆጥረዋል። ስለዚህ ስለ ሶፍትዌር ለውጥና ስለ አገልግሎት መቋረጥ ለእንዲህ ያለ ማኅበረሰብ መናገር ሥራው ካለቀ በኋላ የሚለጠፍ ወረቀት ሳይሆን የሥራው አካል ነው ብዬ አምናለሁ። ሰርቨሩ በደህና ተዛውሮ ጋሼ ግን ተባርሬያለሁ ብለው ካዘኑ፣ ለእኔ ሥራው በደህና አልተጠናቀቀም።

የማዛወሩ ሥራ ራሱ ጥሩ ምክንያት አለው። ዋና ዋናዎቹ የዳታ ማዕከላት ሁለት ናቸው፤ አንዱ በቨርጂኒያ አሽበርን፣ ሁለተኛው በቴክሳስ ካሮልተን ይገኛል። አንደኛው በእሳት፣ በጎርፍ ወይም በመብራት መጥፋት ቢቆም ሌላው ሥራውን ተረክቦ መቀጠል መቻሉን ማረጋገጥ የሚቻለው በእውነት በማዛወር ብቻ ስለሆነ፣ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2016 ለመጀመሪያ ጊዜ ተሞከረ፤ ከ2023 ወዲህም በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት በማርችና በሴፕቴምበር ሰሞን ይደረጋል። በዚያ መካከል ለጥቂት ደቂቃ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይቻልም። ማስታወቂያው እስከ አንድ ሰዓት ሊቆይ ይችላል ብሎ ያስጠነቅቃል፤ ጥቂት ደቂቃ የሚበቃውን አስፍቶ መናገሩን እወደዋለሁ፤ ከተባለው ጊዜ አስቀድሞ የተከፈተ በር ማንንም አስቀይሞ አያውቅም።

የሰዓቱ ጉዳይ ከእኔ ስህተትም በላይ ሰፊ ነው። አማርኛ የሚጽፉ ሰዎች በአንድ አገር ብቻ አይኖሩም። የዚያ ረቡዕ 14፡00 ዩቲሲ በአዲስ አበባ ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን፣ በዋሺንግተን ገና ረፋድ፣ በዱባይ ደግሞ ፀሐይ መጥለቂያ ነው። የእስራኤል ሰዓት በመስከረም ከእኛ ጋር እኩል ነው፤ በመጋቢት ግን ሰዓታቸውን በአንድ ወደ ፊት የሚገፉበት «የበጋ ሰዓት» ገና ስላልገባ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ቁጥሩ የሚነበብበት መንገድ ነው። ዋሺንግተን 20 ዓመት የኖረ ሰው «11 ሰዓት» ሲባል ሊታየው የሚችለው እኩለ ቀን ሊሆን አንድ ሰዓት የቀረው ረፋድ ነው፤ ጎንደር ያለው አንባቢ ግን ሠራተኛ ከሥራ የሚወጣበትን ያስባል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚያሳስተው «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» የሚለውን ሳይጨምር የሚጽፈው ነው። አሁን እያንዳንዱን ማስታወቂያ ስጽፍ «ረቡዕ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት፤ በዋሺንግተን ረፋዱ ላይ፤ በዱባይ አመሻሹ ላይ» እያልሁ እዘረዝራለሁ። ጽሑፉ ይረዝማል፤ ይርዘም።

ቃላቱም እንዲሁ ያስቸግራሉ። ባለሙያዎቹ «ሪድ-ኦንሊ» የሚሉትን ሁኔታ ቀደም ሲል «ድረ ገጹ ለንባብ ብቻ ይሆናል» ብዬ ነበር የምተረጉመው። አንዲት አዲስ አርታኢ ይህን አንብባ፣ ውክፔዲያ ከዚህ በኋላ የሚነበብ እንጂ የሚጻፍበት አይሆንም ማለት መስሏት፣ ለምን እንዲህ ያለ ውሳኔ ተወሰነ ብላ በቅሬታ ጽፋልኝ ነበር። ዓረፍተ ነገሩን ደግሜ ባነበው አልፈረድሁባትም፤ መቼ እንደሚያበቃ አይናገርም። አሁን «ለጥቂት ደቂቃ ማረም አይቻልም፤ ማንበብ ግን ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም እንደ ቀድሞው ይቀጥላል» እላለሁ። «ዲፕሎይ» የሚለውንም ብዙዎች «ማሰማራት» ይሉታል፤ ለጦር ሠራዊት እንጂ ለአዲስ የማረሚያ መሣሪያ ስለማይስማማ እኔ «ሥራ ላይ ማዋል» ብዬ አልፈዋለሁ። «አታርሙ» ከማለት ይልቅ «ማረም አይቻልም» ማለትንም እመርጣለሁ፤ የመጀመሪያው ትእዛዝ ነው፤ እነዚህን ሰዎች ማዘዝ የሚችል ደግሞ የለም።

ሰዓቱና ቃሉ የተስተካከለ ማስታወቂያም ቢሆን ዘግይቶ ከመጣ አይጠቅምም፤ ማሳወቅ ማለት የተወሰነን ነገር መንገር ብቻ ሆኖ ከቀረ ምን እንደሚያስከትል ውክፔዲያ በራሷ ታሪክ አይታዋለችና። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2013 ቪዥዋል ኤዲተር የተባለው አዲስ የማረሚያ መሣሪያ በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ላይ ለሁሉም እንዲከፈት ተደረገ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ምልክትና ኮድ የማያውቅ ሰው እንደ ማንኛውም የጽሑፍ ማዘጋጃ እንዲጽፍ ያስችለዋል። መሣሪያው ግን ገና አልበሰለም ነበር፤ በጽሑፎች መካከል ትርጉም የሌላቸው ኮዶችን፣ አንዳንድ ጊዜም የቼዝ ወታደር ምልክት ጥሎ ይሄድ ነበር፤ ያንን የሚያጸዱት ደግሞ ነባሮቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ስህተቱን ሲያመለክቱ ቢቆዩም መሣሪያው ለሚመርጠው ብቻ የሚከፈት ሳይደረግ ስለ ቀረ፣ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ከአርታኢዎቹ መካከል የመጋቢነት፣ ማለትም የድረ ገጹ አስተዳዳሪነት፣ ሥልጣን ያለው አንድ ሰው የድረ ገጹን ኮድ ለውጦ፣ መሣሪያውን የሚፈልግ ብቻ እንዲጠቀምበት አደረገ።

በዓመቱ የባሰ መጣ። ምስሎችን አጉልቶ የሚያሳየው ሚድያ ቪውወር በጀርመንኛው ውክፔዲያ ላይ ተጠቃሚው ሳይመርጠው በራሱ እንዳይከፈት አርታኢዎቹ ድምፅ ሰጥተው ወሰኑ፤ ከመጋቢዎቹ አንዱም ውሳኔውን በኮድ ሊያስፈጽም ሞከረ። ፋውንዴሽኑ በኦገስት 2014 የሰጠው መልስ ሱፐርፕሮቴክት የተባለ አዲስ መቆለፊያ ነበር፤ በማኅበረሰቡ የተመረጡት መጋቢዎች ራሳቸው የተቆለፈውን ገጽ መንካት አይችሉም። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ተቃውሞ ፈረሙ፤ መቆለፊያው የተነሣው በኖቬምበር 2015 ነው። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ለፕሮግራም አዘጋጆቹም አዝናለሁ፤ ወራት የለፉበት ሥራ በአንድ ሌሊት ሲዘጋ ማየት ቀላል አይደለም። ነገር ግን የአርታኢዎቹ ድምፅ ከመጀመሪያው፣ መሣሪያው ገና ሊለወጥ በሚችልበት ጊዜ ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ወገን ወደ ቁልፍ ባልሄደ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው የገጹ አዲስ ገጽታ፣ ቬክተር 2022 የሚባለው፣ አስቀድሞ ፈረንሳይኛን፣ ዕብራይስጥንና ፋርስኛን በመሳሰሉ ፈቃደኛ ማኅበረሰቦች ዘንድ ከ2020 ጀምሮ ተሞክሮ፣ እንግሊዝኛው ላይ የደረሰው በጃንዋሪ 2023 ነው። ቅሬታው አሁንም ብዙ ነበር፤ ቁልፍ ግን አልተቆለፈም።

ለዕለት ተዕለቱ ለውጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ቴክ ኒውስ የሚባል ሳምንታዊ ጽሑፍ አለ። ሳምንቱ ሲገባደድ ለተርጓሚዎች ይቀርባል፤ ሰኞ በየቋንቋው ወደ ማኅበረሰቦች የመወያያ ገጽ ይላካል። አዲሱ ሶፍትዌር ማክሰኞ በሙከራ ድረ ገጾች ላይ፣ ረቡዕ በአብዛኞቹ የውክፔዲያ እኅት ድረ ገጾችና በጥቂት ውክፔዲያዎች ላይ፣ ሐሙስ በቀሩት ሁሉ ላይ ይጫናል፤ የአማርኛው ተራ ሐሙስ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ለእኛ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ሰኞ ያነበበ ሰው ሐሙስ የሚመጣውን ለማየት ሦስት ቀን አለው። የሚጎድለው አንባቢው ነው። ምንጭጌ በሚባለው የእኛው የመወያያ ገጽ ላይ መልእክቶች በእንግሊዝኛ እየመጡ አንዱ በአንዱ ላይ ይደረባሉ፤ ማንም አይመልስላቸውም፤ ላኪው ደግሞ «ለአማርኛ ማኅበረሰብ አሳውቀናል» ብሎ ይመዘግባል። መልእክቱ ተልኳል፤ አልደረሰም። እኔ አሥር ነጥብ ካለው ጽሑፍ ውስጥ እኛን የሚነኩትን ሁለቱን ብቻ መርጬ በአማርኛ መጻፍ የጀመርሁት፣ ሙሉውን ስተረጉም ማንም እንደማያነበው፣ ሁለቱን ብቻ ሳቀርብ ግን ጥያቄ እንደሚመጣ ስላየሁ ነው። ጥያቄ ሲመጣ ደስ ይለኛል፤ ጥያቄውን ፋብሪኬተር ወደሚባለው የስህተት መመዝገቢያ ወስጄ በእንግሊዝኛ እጽፈዋለሁ፤ መልሱንም ይዤ እመለሳለሁ። ይህ መመለስ ከመሄዱ ይበልጣል፤ አንድ ሰው ያመለከተው ስህተት የት እንደ ደረሰ ካልሰማ ሁለተኛ አያመለክትም።

ያልታሰበ መቋረጥ ሌላ ችግር ያመጣል፤ ቤቱ ሲቃጠል ማስታወቂያውን በሚቃጠለው ቤት ግድግዳ ላይ መለጠፍ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በማርች 24 ቀን 2010 በአውሮፓ የነበረው የፋውንዴሽኑ የዳታ ማዕከል ሙቀት በዝቶበት ሰርቨሮቹ ራሳቸውን ለማዳን ተዘጉ፤ ጎብኚዎቹን ወደ ፍሎሪዳ ለማዛወር ሲሞከር ደግሞ የማዛወሪያው ሥርዓት ራሱ ተበላሽቶ ስለ ተገኘ ውክፔዲያ በመላው ዓለም ልትከፈት አልቻለችም። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰዎች የሚሄዱበት ሌላ ቦታ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ለእኛ ያ ቦታ ቴሌግራም ነው፤ ኢንተርኔቱ ደካማ በሆነበት ጊዜ እንኳ ጽሑፍ ያስተላልፋል። ምክንያቱን ባላውቅም «ችግሩ የእናንተ ስልክ ወይም አካውንት አይደለም፤ ድረ ገጹ ለሁሉም ቆሟል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ የደረስሁበትን እጽፋለሁ» ብዬ እለጥፋለሁ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ አዲስ ነገር ባይኖርም «እስካሁን አዲስ ነገር የለም» ብዬ እመለሳለሁ። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ከጋሼ ነው የተማርሁት።

ጋሼ የጠፋባቸውን ጽሑፍ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደገና ጽፈውታል፤ የመጀመሪያው ይሻል ነበር ይላሉ። በመጋቢት 11 ቀን 2016 ሌላ መዛወር ሲመጣ ማስታወቂያውን ከመለጠፌ በፊት ደውዬ አነበብሁላቸው። ሰዓቱን በወረቀት ላይ ራሳቸው አስልተው 11 መሆኑን አረጋገጡልኝ፤ ከዚያም አንድ ዓረፍተ ነገር እንድጨምር አዘዙኝ፦ «ለማስቀመጥ ቢጫኑና ቢከለከሉ መስኮቱን አይዝጉ፤ አልታገዱም፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ደግመው ይጫኑ።» በማስታወቂያው አናት ላይ አደረግሁት፤ አሁንም በየስድስት ወሩ እዚያው ነው።