ጄኔሬተር ቤንዚን ሲጨመርበት

በወሎ ከተሞች ጄኔሬተር የሱቅና የካፌ ዕቃ ከሆነ ቆይቷል፤ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት መብራት ለረጅም ጊዜ በተቋረጠባቸው እንደ ወልድያና ላሊበላ ባሉ ከተሞች ደግሞ ጥቅሙ ይበልጥ ታውቋል። ቅሬዎችም (የወሎ ዕድሮች) ለለቅሶ ድንኳን ያቆሙታል። ጭሱ መርዝ መሆኑን፣ በረንዳና ቤት ውስጥም መነሳት እንደሌለበት ብዙ ሰው በመጠኑም ቢሆን ሰምቷል፤ ነዳጅ አጨማመሩ ላይ ግን ጥንቃቄው እጅግ የላላ ነው። ያላላውም ከእውቀት ማነስ ይልቅ ችኮላ ይመስለኛል።

ድንኳኑ በሰው ተሞልቶ ዱዓ እየተደረገ ሳለ ሞተሩ ተንተፋትፎ ይጠፋል፤ ከየአቅጣጫው «ኧረ መብራት!» ይባላል፤ ጄኔሬተሩን የሚጠብቀው ወጣትም ሞተሩ ሳይበርድ፣ በሞባይል መብራት እየታገዘ ክዳኑን ከፍቶ ቤንዚኑን ያንደቀድቅበታል። በአብዛኞቹ ትንንሽ ጄኔሬተሮች ላይ የነዳጅ ታንኩ የሚገኘው ከሞተሩ በላይ ስለሆነ፣ የፈሰሰው ጠብታ በጋለው ሞተርና በማርሚታው ላይ ይወርዳል። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ቅዝቃዜ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ስለሚያወጣ የደሴ ብርድ አያግደውም። ተኑ ከአየር ስለሚከብድም መሬት ለመሬት እየተሳበ ይሄዳል፤ ራቅ ብሎ ቡና የሚፈላበት የከሰል ምድጃ ወይም የዕጣን ማጨሻ ካገኘ እዚያ ተቀጣጥሎ እሳቱ ወደ ጀሪካኑ ይመለሳል። ወሎ ውስጥ ቡናና ዕጣን የሌለበት ስብሰባ ስለማይገኝ ይህን ነጥብ ከሌላው ሁሉ አስቀድማለሁ።

ስለዚህ ነዳጅ የሚጨመርበት ሰዓት ሰው ከመሰብሰቡና ቀኑ ከመምሸቱ በፊት ቢወሰን ይሻላል። በመካከል መጨመር ግድ ከሆነ አምፖሉና የድምፅ ማጉያው ይነቀላሉ፣ ሞተሩ ይጠፋል፣ ከዚያም ቢያንስ 15 ደቂቃ ይጠበቃል። አስቸጋሪዋ ይህች 15 ደቂቃ ናት። ቻርጅ የተደረጉ የእጅ ባትሪዎችን ቀደም ብሎ ድንኳኑ ውስጥ ማስቀመጥ ወጣቱን ከመምከር የበለጠ ይጠቅማል፤ ጨለማ ውስጥ ያልተቀመጠ ሰው አይጮህምና።

ስለ ጀሪካኑም የሚባል አለ። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። እዚያ ተቀድቶ ክዳኑ የጠበቀ ጀሪካን መኪና ላይ ፀሐይ እየመታው ዳገቱን ሲወጣ ከውስጥ ተኑ ይበዛል፣ ከውጭ የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሆዱ ይነፋል። ክዳኑን በአንዴ የሚከፍት ሰው የሚፈናጠረውን ቤንዚን ፊቱ ላይ ይቀበላል፤ ፊትን ዞር አድርጎ ቀስ በቀስ እያላሉ ማስተንፈስ ያስፈልጋል። ጀሪካኑ ሲሞላም ሆነ ሲቀዳ መሬት ላይ ወርዶ ይቀመጥ፤ መኪና ላይ እንዳለ የሚከማቸው የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) በአንዲት ብልጭታ ተኑን ሊያቀጣጥለው ይችላል። 20 ሊትር ቤንዚን ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 200 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሚሰፋ፣ ጀሪካኑም ታንኩም እስከ አፋቸው አይሞሉም። በሃይላንድ ጠርሙስ ቤንዚን ማስቀመጥ ግን ጨርሶ ሊቀር ይገባል፤ ውሃ መስሎት የሚጎነጨው ልጅ ነው።

የፈሰሰ ካለ በጨርቅ ተጠርጎ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ ሁለቱም ክዳኖች ተዘግተው ጀሪካኑ ከቦታው ከራቀ በኋላ ሞተሩ ምንም ሳይሰካበት ይነሳል። ቢቀጣጠል ውሃ ማፍሰስ የሚነደውን ቤንዚን ይበልጥ ይበትነዋል፤ የደረቅ ዱቄት እሳት ማጥፊያ ከሌለ አንድ ማዳበሪያ አሸዋ በአጠገብ ይኑር።

ቤንዚን በጎማ በአፍ ስቦ የመቅዳት ልማድም አለ። ትንሽ እንኳ ወደ ሳንባ ከገባ ሳንባውን ክፉኛ ይጎዳል። የዋጠ ሰው ሲገኝ ወተት አጠጥቶ ለማስመለስ መሞከር ጉዳቱን ያብሳል፤ ቤንዚኑ በመመለሻው ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል ሳያስመልሱ ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል።