የሚሰበረው መገጣጠሚያው ላይ ነው

አማዞን እ.ኤ.አ. በ2006 ሰርቨር በሰዓት ማከራየት ሲጀምር ማሽን የመግዛትና የመትከል ጣጣ ቀረ። በ2013 ዶከር መጣና ፕሮግራምን ከነጓዙ ጠቅልሎ (ይህ ጥቅል ኮንቴይነር ይባላል) የትም ማስነሳት ቀለለ። በ2014 ኩበርኔቲስ ይፋ ሲሆን ብዙ መቶ ኮንቴይነሮችን ከአንድ ቦታ ማስተዳደር ተቻለ። ከ2021 ወዲህ ደግሞ ኮድ የሚጽፉ የኤአይ መሣሪያዎች ራሱን የመጻፉን ድካም አቀለሉት። እነዚህ ሁሉ ተደምረው አንድን ሲስተም ወደ ብዙ ትንንሽ ሰርቪሶች፣ ማለትም ለብቻቸው ወደሚሠሩና በኔትወርክ ወደሚነጋገሩ ፕሮግራሞች፣ መከፋፈልን ርካሽ አደረጉት። በሁለት ሰርቪሶች መካከል ያለው መገጣጠሚያ ግን ዛሬም እንደ ድሮው ውድ ነው፤ ሲስተሞች በብዛት የሚወድቁትም እዚያ ነው።

በአንድ ፕሮግራም ውስጥ አንድ ፈንክሽን ሌላውን ሲጠራ ጥሪው በናኖሰከንዶች ያልቃል፣ መልሱም ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ተሳካ ወይ አልተሳካም። ያው ጥሪ በኔትወርክ ሲሄድ በአንድ ዳታ ሴንተር ውስጥ እንኳ ደርሶ ለመመለስ ግማሽ ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ከመዘግየቱ በላይ የሚያሳስበው ግን ሦስተኛው መልስ ነው፤ «አይታወቅም»። የትዕዛዝ ሰርቪሱ የክፍያ ሰርቪሱን «ሂሳብ ቀንስ» አለው፣ ሁለት ሰከንድ ጠበቀ፣ ምላሽ የለም። ጥያቄው ሳይደርስ ቀርቶ ይሆን? ወይስ ደርሶ፣ ገንዘቡ ተቀንሶ፣ ምላሹ መንገድ ላይ ጠፍቶ? ጠያቂው ባለበት ሆኖ ሁለቱን መለየት አይችልም። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የሚመነጨው ከዚህች ጥርጣሬ ነው።

ቁጥሩንም እናስላው። አንድ ሰርቪስ 99.9 በመቶ ጊዜ የሚሠራ ከሆነ በ30 ቀን ውስጥ የሚቋረጠው 43 ደቂቃ ነው። አንድ ጥያቄ እንዲህ ያሉ አሥር ሰርቪሶችን በተርታ ማለፍ ካለበት ግን ድምሩ ወደ 99 በመቶ ይወርዳል፤ ይህም በወር ሰባት ሰዓት ያህል ማለት ነው፣ ማንም የተለየ ጥፋት ሳያጠፋ። ፍጥነትም እንደዚሁ ነው። ከመቶ ጥያቄ አንዱን ብቻ የሚያዘገይ ሰርቨር ጤነኛ ይመስላል፤ አንድ ገጽ ለመሙላት 100 እንዲህ ያሉ ሰርቨሮች በአንዴ ከተጠየቁ ግን ቢያንስ አንዱ የመዘግየቱ ዕድል 63 በመቶ ይደርሳል። አማካይ ፍጥነት ይህን ይደብቃል። ስለዚህ 99ኛውን ፐርሰንታይል፣ ማለትም ከመቶ ጥያቄ 99ኙ የሚያልቁበትን ጊዜ፣ ለኩ።

ታዲያ መቼ ይከፈል? የአማዞን ፕራይም ቪዲዮ አንድ ቡድን በ2023 ያሳተመው ልምድ እዚህ ላይ ብዙ ያስተምራል። የቪዲዮ ጥራት መቆጣጠሪያቸው መጀመሪያ የተሠራው በላምዳ እና በስቴፕ ፈንክሽንስ ነበር፤ ሁለቱም የአማዞን አገልግሎቶች ናቸው፣ አንዱ ትንንሽ ኮዶችን ያስኬዳል፣ ሌላው ቅደም ተከተላቸውን ይመራል። ለእያንዳንዱ የቪዲዮ ሰከንድ ብዙ የደረጃ ሽግግር ይቆጠርባቸው ነበር፤ ምስሎቹም ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚተላለፉት ኤስ ስሪ በተባለው የአማዞን የፋይል ማከማቻ በኩል ስለነበር ለዚያም ይከፍላሉ። ክፍሎቹን በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ሲሰበስቧቸው ምስሉ በሜሞሪ መተላለፍ ጀመረ፣ ወጪውም ከ90 በመቶ በላይ ቀነሰ። ይህን «ማይክሮሰርቪስ (ወደ ትንንሽ ሰርቪሶች መከፋፈል) አይረባም» ብሎ መተርጎም ስህተት ነው። መገጣጠሚያው ብዙ ዳታ በሚያልፍበት ቦታ ላይ መዋሉ ነው ችግሩ።

በቂ ምክንያት የምላቸው ሦስት ናቸው፤ አንዱ ክፍል ከሌላው እጅግ የተለየ የማሽን አቅም ሲፈልግ፣ የተለያዩ ቡድኖች አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ ኮዱን ማውጣት ሲያስፈልገው፣ ወይም እንደ ካርድ ቁጥር ያለ መረጃ ለብቻው መታጠር ሲኖርበት። ሁለተኛው ከሁሉም ይበዛል። ሜልቪን ኮንዌይ በ1968 እንደጻፈው አንድ ድርጅት የሚነድፈው ሲስተም የራሱን የመነጋገሪያ መዋቅር ይመስላል፤ ስለዚህ አምስት ሰዎች ያሉት አንድ ቡድን ሃያ ሰርቪስ ሲሠራ ከራሱ ጋር በኔትወርክ ማውራት ይጀምራል።

ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ሞኖሊቱን፣ ማለትም ያልተከፈለውን አንድ ፕሮግራም፣ ውስጡን አጥሩት። እያንዳንዱ ሞጁል በዳታቤዙ ላይ የራሱ ስኪማ (የሠንጠረዦች ክፍል) ይኑረው፣ የሌላውን ሞጁል ሠንጠረዥ በቀጥታ አያንብብ፣ ይህም በቃል ስምምነት ሳይሆን ኮዱ ሲገነባ በሚሠራ ፍተሻ ይጠበቅ፤ ለጃቫ አርክዩኒት፣ ለፓይተን ኢምፖርት ሊንተር አለ። የሁለት ሞጁሎች ሠንጠረዦች በአንድ ኩዌሪ (ለዳታቤዝ የሚቀርብ ጥያቄ) ጆይን የሚደረጉ፣ ማለትም የሚጣመሩ፣ ከሆነ ሞጁሎቹ ገና ለመለያየት አልደረሱም። ኮዱን ለያይቶ ዳታቤዙን በጋራ መተው ከሁሉም የከፋው ነው፤ የኔትወርኩን ዋጋ እየከፈላችሁ ነጻነቱን አታገኙትም።

ለመክፈል ከወሰናችሁ መጀመሪያ የምትነኩት ታይምአውትን፣ ማለትም ምላሽ የሚጠበቅበትን የጊዜ ገደብ፣ ነው። የፓይተኑ ሪኩዌስትስ ላይብረሪ እና የጎ መደበኛ ኤችቲቲፒ ክላየንት ካልነገራችኋቸው በስተቀር የጊዜ ገደብ የላቸውም። ቶምካት የተባለው የጃቫ ሰርቨር ቅንብሩ ካልተነካ እስከ 200 ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሠሩ የሥራ መስመሮች) ይጠቀማል። እያንዳንዱ ጥያቄ 50 ሚሊሰከንድ ቢወስድ በሰከንድ እስከ 4,000 ጥያቄ ያስተናግዳል። የሚጠራው ሰርቪስ ተንቀራፎ እያንዳንዱ ትሬድ 30 ሰከንድ ከታሰረ ግን በሰከንድ ከሰባት ያነሰ ብቻ ይቀራል። የወደቀው ሌላው፣ የሞተው የእናንተው። ገደቡን ከውጭ ወደ ውስጥ አከፋፍሉት፤ ተጠቃሚው 2 ሰከንድ የሚታገስ ከሆነ የመጀመሪያው ሰርቪስ 1.5 ሰከንድ፣ እሱ የሚጠራው 800 ሚሊሰከንድ። የውስጡ ከውጭው ከረዘመ ጠያቂው ተስፋ ቆርጦ ከሄደ በኋላ ማንም የማይፈልገው ሥራ ይሠራል።

ድጋሚ ሙከራ ደግሞ መድኃኒትም መርዝም ነው። ሦስት ደረጃዎች እያንዳንዳቸው ሦስት ጊዜ ቢሞክሩ ከታች ያለው ዳታቤዝ ለአንድ ጠቅታ 27 ጥያቄ ይቀበላል፤ ያውም በደከመበት ሰዓት። ድጋሚ የሚሞክረው አንድ ደረጃ ብቻ ይሁን። በሙከራዎቹ መካከል ያለው ጊዜ 100፣ 200፣ 400 ሚሊሰከንድ እያለ ይደግ፤ በላዩም ዘፈቀደ የሆነ ጭማሪ ይኑርበት፣ አለዚያ ሁሉም በአንድ ላይ ተመልሰው ይመጣሉ። ድጋሚ ጥያቄዎች ከጠቅላላው 10 በመቶ ሲያልፉ መሞከሩን አቁሙ።

መደጋገም ካለ ደግሞ ሁለት ጊዜ የመጣ ጥያቄ እንደ አንድ መቆጠር አለበት። ጠያቂው ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ልዩ ቁልፍ ይፈጥራል፤ ተቀባዩ ያንን ቁልፍ ከሥራው ጋር በአንድ ትራንዛክሽን፣ ማለትም ወይ ሁሉም በሚጸናበት ወይ ሁሉም በሚቀርበት አንድ እርምጃ፣ ያስቀምጣል። እዚህ ላይ ሁለት ስህተቶች ደጋግመው ይታያሉ። አንደኛው ቁልፉን በድጋሚ ሙከራው ሉፕ ውስጥ መፍጠር ነው፤ እያንዳንዱ ሙከራ አዲስ ቁልፍ ስለሚይዝ ቁልፉ እንደሌለ ይቆጠራል። ሁለተኛው «ቁልፉ አለ ወይ?» ብሎ አንብቦ፣ ከሌለ መጻፍ ነው። ሁለት ጥያቄዎች እኩል ከመጡ ሁለቱም «የለም» ያነባሉ፣ ገንዘቡም ሁለቴ ይቀነሳል። ውሳኔውን ለዳታቤዙ ስጡት፤ ዓምዱ ላይ የዩኒክ ገደብ (ድግግሞሽ የማይፈቅድ) አድርጋችሁ በቀጥታ ጻፉ፣ የተጋጨውን ይመልሰዋል።

ቀጥሎ ያለው ወጥመድ ሁለት ቦታ መጻፍ ነው። ትዕዛዙ ዳታቤዝ ላይ ይቀመጣል፣ ከዚያ መጋዘኑ እንዲሰማ ካፍካ ወደተባለው የመልእክት ማስተላለፊያ መልእክት ይላካል። በሁለቱ መካከል ፕሮሰሱ ከሞተ ትዕዛዙ አለ፣ መጋዘኑ ግን አልሰማም። ቅደም ተከተሉን ብትገለብጡት መጋዘኑ የሌለ ትዕዛዝ ይሰማል። መፍትሔው አውትቦክስ የሚባለው ሠንጠረዥ ነው፤ መልእክቱ ከትዕዛዙ ጋር በአንድ ትራንዛክሽን እዚያው ዳታቤዝ ላይ ይጻፋል፣ ሌላ ፕሮሰስ እያነበበ ይልከዋል። ቀላል ይመስላል። ብዙዎችን የሚያሳስተው ግን ላኪው «እስከ መለያ ቁጥር 105 ልኬያለሁ» ብሎ የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ ሲያስታውስ ነው። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ቁጥሩን የሚሰጠው ረድፉ ሲገባ ሲሆን ረድፉ ለሌሎች የሚታየው ግን ትራንዛክሽኑ ኮሚት ሲደረግ (ሲጸና) ነው። 104ን የያዘው ትራንዛክሽን ከ105 በኋላ ኮሚት ካደረገ ላኪው አልፎት ሄዷል፤ ያ መልእክት ለዘላለም አይላክም። ይህ ጭነት በበዛበት ሰዓት ብቻ የሚከሰት ስለሆነ በሙከራ ላይ አይታይም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ «ተልኳል» የሚል ምልክት አድርጉ፣ ወይም እንደ ዴቤዚየም ያለ የዳታቤዙን ሎግ (የለውጥ መዝገብ) በኮሚት ቅደም ተከተል የሚያነብ መሣሪያ ተጠቀሙ። የተላኩትን በየጊዜው መሰረዝም አትርሱ።

ኩበርኔቲስ የፕሮግራማችሁን አዲስ ስሪት ሥራ ላይ ሲያውል አሮጌውና አዲሱ ለተወሰነ ጊዜ ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ ስለዚህ የዳታቤዝ ለውጥ ሁለቱንም ማስተናገድ አለበት። አዲሱን ዓምድ ባዶ ሊሆን በሚችል መልኩ ጨምሩ፣ ሁለቱም ላይ ጻፉ፣ የቆየውን ዳታ በጥቂት ሺህ ረድፍ እየከፈላችሁ ሙሉ፣ ንባቡን አዙሩ፣ በመጨረሻ አሮጌውን አጥፉ። ፖስትግሬስ ላይ ከእያንዳንዱ የሠንጠረዥ ለውጥ በፊት የሎክ ታይምአውት (ሠንጠረዡን ለመቆለፍ የሚጠበቅበት ገደብ) ሁለት ወይም ሦስት ሰከንድ አድርጉ። ለውጡ አንድ ረጅም ኩዌሪ እስኪያልቅ ሲጠብቅ ሌሎች ኩዌሪዎች ሁሉ ከኋላው ይሰለፋሉ፤ አንድ ሚሊሰከንድ የሚፈጅ ሥራ መላውን ሲስተም ያቆማል። ሌላም ጥንቃቄ አለ፤ ኮንቴይነሩ በሕይወት መኖሩን የሚጠይቀው ፍተሻ ዳታቤዙን አይንካ። ዳታቤዙ ትንሽ ሲንቀራፈፍ ኩበርኔቲስ ሁሉንም ኮንቴይነሮች አንድ ላይ ገድሎ ያስነሳል፣ አዲሶቹ ሲነሱ የሚከፍቱት ኮኔክሽን ደግሞ የደከመውን ዳታቤዝ ይጨርሰዋል።

የኤአይ መሣሪያዎችን በተመለከተ፣ የሚያወጡት ኮድ ሁሉ ነገር ሲሰምር የሚሆነውን በደንብ ይጽፋል። የሚስተው ከላይ ያየናቸውን ነው፤ ታይምአውት የሌለው ጥሪ፣ ሉፕ ውስጥ የተፈጠረ ቁልፍ፣ አንብቦ መጻፍ። ስለዚህ ውሉን፣ ማለትም ግብአቱን፣ ውጤቱን፣ የስህተት ዓይነቶቹንና የጊዜ ገደቡን ሰው ይጻፈው፤ የመገጣጠሚያውን ቴስትም እንዲሁ። በውስጥ ያለውን ለመሣሪያው ተዉለት። አንድ ለውጥ ከ400 መስመር በላይ ሲሆን ገምጋሚ ማንበቡን ትቶ ማሸብለል ይጀምራል፤ ከፋፍላችሁ አቅርቡ። አዲስ የገባ የፓኬጅ (ሌሎች አዘጋጅተው ያወጡት ኮድ) ስም ካለ በእርግጥ መኖሩንና የማን መሆኑን አጣሩ፤ ሞዴሎች የሌለ ስም ይፈጥራሉ፣ አጥቂዎችም ያንን ስም ቀድመው ያስመዘግባሉ።

ወደ ሥራ ከማስገባታችሁ በፊት ሦስት ነገር ሆን ብላችሁ አድርጉ። የምትጠሩት ሰርቪስ ላይ የ3 ሰከንድ መዘግየት ጨምራችሁ የእናንተ ትሬዶች ስንት እንደታሰሩ ቁጠሩ። አንድ ዓይነት ጥያቄ ሃያ ጊዜ በአንድ ቅጽበት ልካችሁ ዳታቤዙ ላይ አንድ ረድፍ ብቻ መኖሩን እዩ። የአውትቦክሱን ላኪ በሥራ መሃል ግደሉት፣ አስነሱት፣ ከዚያም የተጻፉትን ትዕዛዞችና የደረሱትን መልእክቶች አንድ በአንድ አመሳክሩ።