ርስቱን ተከትዬ ወደ ዌልስ

ከለንደን ተነስቼ በርሚንግሃም ላይ ባቡር ቀየርኩ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ተራራና በግ ነው። አበሪስትዊዝ ስንደርስ ሐዲዱ አለቀ፤ ከፊት ያለው ባሕር ነው። የዌልስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ከከተማዋ በላይ ኮረብታ ላይ ተቀምጧል። ዳገቱን በእግሬ ወጣሁት።

የመጣሁት የጉዊዲር ዊኖችን ፍለጋ ነው። በሰሜን ዌልስ፣ በኮንዊ ሸለቆ የነበሩ ባላባቶች ናቸው። የሳበኝ ስማቸው ነው። በ1500 አካባቢ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የጉዊዲርን ርስት በገንዘብ የገዛው ሰውዬ ማሬዲዝ አፕ ዬያን አፕ ሮበርት ይባላል። «አፕ» የእገሌ ልጅ ማለት ነው። የራሱ ስም፣ የአባቱ፣ የአያቱ። ልክ እንደኛ! የልጅ ልጁ ሞሪስ ላይ ሲደርስ ግን ዊን የቤተሰብ ስም ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ ጆንና ሪቻርድ እየተደጋገሙ ያምታታሉ። የትኛው ሪቻርድ የማን ልጅ እንደሆነ የሚለይልህ ኑዛዜና የጋብቻ ውል ነው።

ዓመተ ምሕረቱም ያሳስታል። ሰር ጆን ዊን የሞተው ማርች 1 ቀን 1627 ነው። በዘመኑ አቆጣጠር ግን ገና 1626 ነበር፤ እስከ 1752 ድረስ አዲስ ዓመታቸው የሚገባው ማርች 25 ነበርና። ሁለት ካላንደር ይዤ ስላደግሁ ይሄ አላስቸገረኝም።

ከ1858 በፊት ኑዛዜ የሚጸድቀው በቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ ከ190,000 በላይ የዌልስ ኑዛዜዎች አሉት፤ ኢንተርኔት ላይም በነፃ ይታያሉ። ችግሩ ያገባች ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ መናዘዝ አለመቻሏ ነው። ሕጉ የተለወጠው በ1882 ነው። ስለዚህ ሚስቶቹን ስፈልግ ወደ ጋብቻ ውሉ ዞርኩ።

አንድ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ውል አወጡልኝ። ብራና ነው። የላይኛው ጠርዝ እንደ ማዕበል እየተጠማዘዘ ተቆርጧል፤ የሌላው ወገን ቅጂ ከዚህ ጋር እንዲገጥም ነው። እጥፉን ስዘረጋው መልሶ ይታጠፋል፤ በክብደት ያዝኩት። ለእንዲህ ያለ ውል የበግ ቆዳ ይመርጡ ነበር። ጽሑፉን ልፋቅ ያለ ሰው ቆዳው ይላጥበታል፣ ማጭበርበሩም ያስታውቃል። የብራና አገር ሰው ሆኜ ይህን አላውቅም ነበር።

ውሉ ሲነበብ የሠርግ ወግ የለውም። የሙሽሪት አባት ገንዘብ ይሰጣል። የሙሽራው ወገን ባሏ ቢሞት የምትተዳደርበትን መሬት ይለይላታል። ርስቱ ለመጀመሪያው ወንድ ልጅ፣ ለሌሎቹ ጥሬ ገንዘብ። በጥንቱ የዌልስ ሕግ መሬት ለወንዶች ልጆች እኩል ይካፈል ነበር፤ ይህ የቀረው በ1543 በእንግሊዝ ሕግ ነው። ያልተወለዱ ልጆች ድርሻ ቁጭ ብሎ ሲጻፍ ማየት ልቤን ነካው።

ወንድ ልጅ ካልተወለደስ? አራተኛው ባሮኔት (በወንድ ዘር የሚወረስ ማዕረግ ነው) ሰር ሪቻርድ በ1674 ሲሞት የቀረችው አንድ ልጁ ሜሪ ነበረች። ማዕረጉ ለዘመድ ሄደ። ጉዊዲር ለሜሪ ሆነ። በ1678 ሮበርት በርቲ የሚባል የእንግሊዝ መኳንንት ልጅ አገባች፤ የማሬዲዝ መሬትም ከዊኖች እጅ ወጣ።

በመጨረሻ በኮንዊ ሸለቆ ወዳለችው ላንሩስት ከተማ ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር ተያይዞ በ1633 የተሠራው የዊኖች ጸሎት ቤት እዚያ ነው። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፣ የእንጨትና የእርጥበት ሽታ አለው። የሜሪን እናት፣ እመቤት ሳራን፣ እዚያ አገኘኋት። ዊሊያም ቮን የተባለ ቀራጭ ፊቷን ናስ ላይ አውጥቶታል። የሞተችው በ1671 ነው። የልጇ ውል ሲፈረም አልነበረችም። ጎንበስ ብዬ ስሟን ሁለት ጊዜ አነበብኩትና የመጨረሻው ባቡር እንዳያመልጠኝ ወጣሁ።