ስሙ አንድ፣ ቺፑ ሌላ

የደብረ ብርሃን ብርድ ጠዋት ጣት ያደነዝዛል። ያን ቀን ግን እኔን ላብ አጠመቀኝ። ማሠልጠኛችን ውስጥ ያሉት 18 ኮምፒውተሮች በሙሉ ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና የተጫነባቸው ናቸው። ማታ ስንዘጋቸው ሁሉም ዋይፋይ ነበራቸው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ስንከፍታቸው 11ዱ ኔትወርክ የሚባል ነገር አላይ አሉ። የሠልጣኞቹ የኦንላይን ፈተና ደግሞ 3 ሰዓት ላይ ነው።

አስተባባሪያችን ጋቢያቸውን እንደለበሱ ገቡ። "ልጄ፣ ትናንት ደህና አልነበረም እንዴ?"

"ደህና ነበር፣ እትዬ። ትንሽ ይታገሱኝ።"

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ራውተሩን ነው። ስልኬ ግን ወዲያው ገባ። ከዚያ ከርነሉን፣ ማለትም የሥርዓተ ክወናውን እምብርት፣ አየሁ፤ የስሪት ቁጥሩ የትናንቱ አይደለም። ለካ ቀን ላይ ማሻሻያው በራሱ ወርዶ ነበር። ጠዋት ሲከፈቱ በአዲሱ ከርነል ተነሱ።

ሊኑክስ ላይ አብዛኛው ድራይቨር፣ ማለትም ዕቃውን ከሥርዓቱ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ከከርነሉ ጋር አብሮ ስለሚመጣ፣ ከርነሉ ሲታደስ እሱም አብሮ ይታደሳል። ከውጭ አምጥተን የምንጭነው ግን የሚገነባው ለዚያው ለአንዱ ከርነል ነው። የከርነሉ አዘጋጆች ደግሞ የውስጡን አሠራር እንዳለ ለማቆየት ቃል አይገቡም፤ ይህንንም አስበውበት ነው። ስለዚህ ከርነል በተቀየረ ቁጥር የውጪው ድራይቨር እንደ አዲስ መገንባት አለበት። ያንን በራሱ የሚሠራ ዲኬኤምኤስ የሚባል መሣሪያ አለ። እኔ ሳልጠቀምበት፣ የዋይፋዩን ድራይቨር አንዴ በእጄ ገንብቼ ሄጄ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።

ግን ለምን 11ዱ ብቻ? ዩኤስቢ ላይ የሚሰኩትን የዋይፋይ መቀበያዎች፣ ዶንግሎቹን፣ ነቅዬ ጎን ለጎን ደረደርኳቸው። ቀለማቸውም የሞዴል ስማቸውም አንድ ነው። ጀርባቸው ላይ ባለችው ትንሽ ተለጣፊ፣ በደቃቅ ፊደል፣ 7ቱ ላይ "ቪ1"፣ 11ዱ ላይ "ቪ2" ይላል። አምራቹ ስሙን ሳይነካ የውስጡን ቺፕ ቀይሮታል። የቪ1 ድራይቨር ከርነሉ ውስጥ አለ፣ የቪ2 ግን የለም። ይህ አሁንም ያናድደኛል። ገዢ በምን ይለየው?

ደግነቱ ኡቡንቱ የቀድሞውን ከርነል ወዲያው አያጠፋም። እያንዳንዱን ማሽን ሪስታርት አድርጌ፣ ሺፍት ተጭኜ ግሩብ ወደሚባለው የማስነሻ ምናሌ ገባሁ። የትናንቱን ከርነል መረጥኩ። የመጀመሪያው ዶንግል መብራቱ ብልጭ ሲል ትንፋሼ ተመለሰ። ለ3 ሰዓት 10 ደቂቃ ሲቀረው 11ዱም ተነሱ። ዲኬኤምኤሱን ከፈተናው በኋላ ጫንኩ።

በወሩ ተጨማሪ ዶንግል ለመግዛት አዲስ አበባ ወረድኩ። ላፕቶፔን እና ኡቡንቱ ያለበትን ፍላሽ ይዤ ነበር። ባለሱቁ "ወንድሜ፣ ሁሉም እኮ አንድ ነው" አለኝ። ላፕቶፑን በፍላሹ አስነሥቼ አንዱን ሰካሁ፤ ዝም። ሌላ ዓይነት አስወጣሁ። አራተኛው ላይ ምንም ሳልጭን የሰፈሩ ዋይፋይ ተዘረዘረ። ከዚያው ካርቶን ሦስት አስቆጠርኩ፤ ሦስቱንም እዚያው ባንኮኒው ላይ ሞክሬ ከፈልኩ።